ጀግና የምንለው ማንን ነው?

«የጀብዱ ልብ ወለድ የልጅ ማባበያ ነው» የሚሉ ሐያስያን አሉ። ተሳስተዋል። ቶልኪን በ1916 እ.ኤ.አ. በሶም ውጊያ የተሰለፈ፣ የቅርብ ጓደኞቹን ጦርነት የነጠቀው ሰው ነበር። ሆኖም በ1954 እና 1955 እ.ኤ.አ. በታተመው «የቀለበቶች ጌታ» ገዳይን አላወደሰም። ፍሮዶ ቀለበቱን ሊያጠፋ ከእሳቱ አፋፍ ሲደርስ በምኞት ተሸነፈ። እዚያ ያደረሰው፣ ጉልበቱ ሲከዳው ተሸክሞት ተራራውን የወጣው ወዳጁ ሳም ነው፤ ቀለበቱም የጠፋው ሊገደል ሲቻል በምሕረት በታለፈው በጎለም ሰበብ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጨረሻ መጽሐፍ ሃሪ ፖተርም ወዳጆቹን ለማዳን ሳይታገል ወደ ሞት ይሄዳል።

እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ «ጀግና» ብዬ ልጽፍ ስል ብዕሬ ያመነታል። ፉከራችን ጀግናን በገደለው ይቆጥራል፤ እነዚህ መጻሕፍት ግን በማረውና በተሸከመው ይመዝኑታል። ታዲያ የልጅ ማባበያው የቱ ነው?