የዶማና የበሬ ዕዳ፦ የካናዳ እርቅ ምን ያስተምራል?

የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዘጠኝ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች ጋር በድምሩ ወደ 1 ነጥብ 4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። የጥያቄው መነሻ ወርቅ ወይም ነዳጅ አይደለም፤ ቃል ተገብቶ በአግባቡ ያልተሰጠ የእርሻ መሣሪያ፣ ዘርና ከብት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1870ዎቹ ነው። በምዕራብ ካናዳ ሜዳዎች የሚኖሩት ክሪና ሌሎች ሕዝቦች ኑሯቸው የተመሠረተበት የጎሽ መንጋ እየተመናመነ ሲመጣ ወደ እርሻ ለመዞር ወሰኑ። በ1876 የተፈረመው ስድስተኛው ውል ሰፊ ግዛት ለመንግሥት ሲያስረክብ፣ ለሚያርስ ቤተሰብ አራት ዶማና ሁለት አካፋ፣ ለሦስት ቤተሰብ አንድ ማረሻ፣ ለየማኅበረሰቡ ደግሞ አራት የእርሻ በሬ፣ አንድ ኮርማና ስድስት ላም ፈቀደ። ለታረሰው መሬት የሚበቃ የስንዴ፣ የገብስ፣ የአጃና የድንች ዘርም ተጨመረበት።

መሬቱ ወዲያው ተወሰደ፤ በሬውና ማረሻው ግን ዘገየ፣ ጎደለ፣ ወይም ጭራሽ አልደረሰም። እርሻው ሳይስፋፋ ሲቀር ባለሥልጣናት «ተፈጥሯቸው ለእርሻ አይሆንም» የሚል ምክንያት አቀረቡ። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳራ ካርተር በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን እንቅፋቱ የመንግሥት ፖሊሲ እንደነበር አሳይታለች። ከ1881 ጀምሮ የወጡ ሕጎች ምርታቸውን ያለ ፈቃድ እንዳይሸጡ ከለከሉ። ከ1889 በኋላም ሰፋሪው ገበሬ በማሽን ሲያጭድ እነርሱ በእጅ መሣሪያ ብቻ እንዲሠሩ ተገደዱ።

እርቁ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን የጠፋውን ምርት አይመልስም። ገንዘቡም ቢሆን ሳያርሱ ያለፉትን ትውልዶች አይተካም፤ ዛሬም ከነባር ሕዝቦች መሬት ብዙው የሚታረሰው በኪራይ በሌሎች ገበሬዎች ነው። ስለዚህ የካሳው እውነተኛ መለኪያ የማኅበረሰቡን ልጆች ወደ ማሳው መመለሱ ነው።

ለግብርና አመራር ሁለት ቁም ነገር አለው። አንደኛ፣ የዶማው ቁጥር በጽሑፍ መስፈሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ማስረጃ ሆነ። ሁለተኛ፣ ከዘር ወቅት በኋላ የደረሰ ዘር እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ ይህን ከአርሶ አደር በላይ የሚያውቅ የለም። በጊዜው ቢሰጥ ጥቂት ገንዘብ ይፈጅ የነበረ ቃል፣ ሲዘገይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዕዳ ሆኗል።