ማሳሰቢያ፦ ካባው ችግኝ ስለተተከለበት ብቻ አገግሟል አትበሉ

የድንጋይ ካባ፣ አሸዋ ማውጫ ወይም የወርቅ ቁፋሮ ባለበት አካባቢ ለምትኖሩ ወላጆች፣ እረኞችና አርሶ አደሮች፤ እንዲሁም ለቀበሌ አመራሮችና ለአምራች ማኅበራት በሙሉ፦

በክረምት ወራት ማሽን የወጣባቸው ጉድጓዶች ውሃ ያቁራሉ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች ሊዋኙ ገብተው የቀሩ ሕፃናትና ወጣቶች አሉ። የካባ ዳር እንደ ግድግዳ ተቆርጦ ስለሚወርድ ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ በአንድ እርምጃ ከቁመት በላይ ይሆናል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም፤ ከታች ያለው ጭቃም እግር ይይዛል። ሰው ሲሰምጥ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ፤ ሊያወጣ የገባው አብሮ ሊቀር ይችላል። ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። አዲስ አበባ ካላችሁ ወደ 939 ደውሉ።

ሌላው አደጋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። አምራቹ ጉድጓዱን ደልድሎ፣ ችግኝ ተክሎ ያስረክባል። ብዙ ጊዜ ከርክክቡ በኋላ ተመልሶ የሚያይ የለም። ለሙ የላይ አፈር ለብቻው ተለይቶ ካልተቀመጠና መጨረሻ ላይ ካልተመለሰ፣ ችግኙ የሚተከለው በጠጠርና በድንጋይ ፍርፋሪ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ችግኝ በጋውን አይሻገርም። ሥር ያልያዘው ቁልቁለት በሚቀጥለው ዝናብ ይቦረቦራል፤ ደለሉም ከታች ያለውን ማሳ ያለብሳል።

ሥራ ቆመ ማለት አደጋው ቆመ ማለት አይደለም። በብራዚል ብሩማዲኞ ለዓመታት አዲስ ዝቃጭ ያልገባበት የብረት ማዕድን ግድብ ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ተደርምሶ የ270 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

ስለዚህ ክትትሉ ከርክክቡ በኋላ ለዓመታት መቀጠል አለበት። ለዚህም፦

1. የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ችግኝ ቁጠሩ። የምትቆጥሩትም መስከረም ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ በሆነበት ጊዜ ሳይሆን በጋው ሲያልቅ ይሁን። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ።

2. አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። ጥቁር፣ ሥር የተጠላለፈበት፣ ትል ያለበት አፈር ሕይወት ጀምሯል። ከዚያ አጠገብ ካለ ያልተቆፈረ መሬት ጋር አስተያዩት። ባሕር ዛፍ ቆሞ ከሥሩ ሣር ካልበቀለ መሬቱ ገና ነው።

3. ቦረቦሩን ለኩ። ጫፉ ላይ ካስማ ትከሉ፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ምን ያህል እንደተጠጋ መዝግቡ። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ከአንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ ፎቶ አንሡ። የገደሉ አፋፍ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ከሥሩ ማንም እንዳይቆም፣ ከብትም እንዳይሰማራ አድርጉ።

4. ውሃውን ተጠራጠሩ። ከቁፋሮው የሚወርደው ውሃ መልኩ ወደ ዝገት ከተቀየረ ወይም ዓሣ ከሞተበት ለሰውም ለከብትም አታጠጡ። ወርቅ በሜርኩሪ በሚለይበት አካባቢ ደግሞ ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም አትመኑት፤ ሜርኩሪ በዓይን አይለይም፣ በዓሣ ሥጋ ውስጥም ይከማቻል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እንደ አርሴኒክና እርሳስ ያሉትን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠናቸው ይጨምራል። ለወረዳው ጤናና አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች አመልክቱ፤ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ እንዲመረመርም ጠይቁ።

አምራቾችም ልብ በሉ፤ መሬቱ እንዲያገግም የሚመደበው ገንዘብ ከትርፍ የሚተርፍ ምጽዋት አይደለም፤ የሥራው ወጪ አካል ነው። ቀበሌና ወረዳም የጸደቀው ሳይቆጠር፣ የጉድጓዱ ዳር ሳይደለደልና አጥር ሳይታጠር የርክክብ ሰነድ ላይ መፈረም የለባቸውም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ጥሏል። ስለዚህ የሰፈራችሁ ካባ በማን ስም እንደተፈቀደ፣ መቼ እንደሚዘጋ፣ ከተዘጋ በኋላም ማን እንደሚከታተለው ዛሬውኑ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። መልስ እስክታገኙ ድረስ ልጆቻችሁን ከጉድጓዱ አርቁ።