ወላጅ አምጣ፣ ለጨዋታ

«ነገ ወላጅህን ይዘህ ካልመጣህ ክፍል አትገባም!»

ይህን ሰምቶ ሆዱ ያልባባ የዚህ አገር ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አራት ጊዜ ተብያለሁ። አንዱ መስኮት ሰብሬ ነው። (በካልሲ ኳስ መስኮት መስበር ቀላል አይደለም፤ ውስጡ ጠጠር ነበረበት።) ሦስቱን እዚህ ማውራት አያስፈልግም። አባቴ አራቱንም ጊዜ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ፣ ቢሮ ገባ፣ ወጣ፣ ጆሮዬን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። ስምንት ዓመት በተማርኩበት ግቢ አባቴ እግሩን ያነሳው እነዚያን አራት ቀናትና ለአጥር መዋጮ የተጠራ ዕለት ብቻ ነው። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ ለጥፋት ወይ ለገንዘብ ነበር። ዛሬስ? የትምህርት ቤት ልጅ ያላችሁ መልሱልኝ።

ያደግሁት ሮቢት ነው። ሸዋ ሮቢት አላልኩም! ይህን ማስተካከል የዕድሜ ልክ ሥራዬ ሆኗል። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትጓዙ ጎብዬን አልፋችሁ፣ ቆቦ ከመግባታችሁ በፊት፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራን እያያችሁ በማሽላ ማሳ መካከል የምታልፏት ከተማ ናት ሮቢት። አብዛኞቻችሁ ያለፋችኋት ተኝታችሁ ነው። አልፈርድባችሁም፣ ይሞቃል።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ ስኳሽ ነው። ቆይ አትሳቁ።

የወንድሜ ልጅ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ለምን እንደመጣ ለራያ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በ2014 ክረምት ማብቂያ ላይ ተመልሶ መጣ፤ በ2015 ነሐሴ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተጀመረ። በእነዚህ ሁሉ መካከል ትምህርት ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። በመጨረሻ ወንድሜ «ውሰደው» አለኝ፤ ወሰድኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ጎበዝም ነው፣ ግን አይናገርም። ማታ ማታ አባቱ ሲደውል የሚነጋገሩትን ሰማሁና አንድ ቀን ቆጠርኩት። «በላህ?» «አዎ።» «ታጠናለህ?» «አዎ።» «አጎትህን ስማ።» «እሺ።» አለቀ! ስድስት ንግግር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ስኳሽ ያመጣብኝ። ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤት ልጆቻቸው ጋር እንደሚጫወቱ ነገረኝና ልጁን ይዤ እንድመጣ ጋበዘኝ። ደንባቸው ሁለት ነው። ልጅ ብቻውን አይመዘገብም። ወላጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛው ነው የገረመኝ። እኛ አገር ወላጅ ለስፖርት የሚያደርገው ትልቁ ውለታ አለመከልከሉ ነው፤ ትንሽ ሻል ያለው ማሊያ ይገዛል። ራሱ አይሮጥም። ያገባ ሰው በአደባባይ ሲሮጥ ከታየ «ምን ነካው? ደኅና ነው?» ነው የሚባለው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ አራት ግድግዳ ያለው ክፍል ነው። ርዝመቱ 9.75 ሜትር፣ ወርዱ 6.4 ሜትር። ሁለት ሰው አንድ ላይ ይገባና ራኬት ይዞ አንዲት ትንሽ የጎማ ኳስ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጋር እያጋጨ በየተራ ይመታል። ኳሷ አንዴ ብቻ መሬት ብትነካ ይፈቀዳል፤ ሁለቴ ከነጠረች ነጥብ ሄደ። መጀመሪያ ስትይዟት የሞተች ትመስላለች፣ አትነጥርም። እየተመታች ስትሞቅ ነው ነፍስ የምትዘራው። (የሮቢት ፀሐይ ላይ አምስት ደቂቃ ብናስቀምጣትስ? ብዬ አስቤያለሁ።)

ከቴኒስ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው። በቴኒስ ባላጋራህ ከመረብ ማዶ ነው፤ በስኳሽ ግን አጠገብህ፣ ትከሻህ ሥር ነው። ሁለታችሁም ፊታችሁን ወደ አንድ ግድግዳ አዙራችኋል። ከመታህ በኋላ መንገድ መልቀቅ ግዴታህ ነው፣ ካልለቀቅህ ትቀጣለህ። አንድ ጎልማሳ ለአንድ ልጅ በሕግ ተገዶ መንገድ የሚለቅበት ሌላ ቦታ እስቲ ንገሩኝ።

«የሀብታም ጨዋታ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ እኔም ብያለሁ። አገራችን ውስጥ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እንደተከፈተው የአዲስ አበባ ሒልተን ያሉ ሆቴሎች ናቸው ያስተዋወቁን። ዘበኛ፣ በር፣ የአባልነት ካርድ። ታሪኩን ብታዩት ግን ጨዋታው ከሀብታም ቤት አልተወለደም። ራኬትስ የሚባለው አባቱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ባለዕዳ በሚታሠርበት በፍሊት ወህኒ ቤት ሲዘወተር ነበር። ዕዳውን መክፈል ያቃተው እስረኛ ግድግዳ ሞልቶለታል፣ ጊዜም ሞልቶለታል። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሃሮ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተቀደደች፣ ስትመታ የምትጨመደድ ኳስ የበለጠ እንደምታጫውት አወቁና ስኳሽ ከእሷ ተወለደ። በተቀደደ ኳስ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ! እኛን ለዚሁ ነበር ወላጅ አምጣ የሚሉን።

የሐሺም ካንን ታሪክ ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፔሻዋር አጠገብ ናዋኪሌ የምትባል መንደር አለች። አባቱ የእንግሊዝ መኮንኖች ክበብ ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ሜዳዎቹ ጣሪያ ስላልነበራቸው ኳሱ ከግድግዳው በላይ ይወጣል፤ ትንሹ ሐሺም እየሮጠ ያመጣል። መኮንኖቹ በሙቀት ሸሽተው ሲገቡ እሱ በባዶ እግሩ ብቻውን ይጫወታል። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ፣ ለንደን ሄዶ የብሪታኒያን ኦፕን ፍጻሜ ግብፃዊውን ማሕሙድ ከሪምን 9–5፣ 9–0፣ 9–0 ረታ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማመን ይከብዳል፦ ወንድም ለወንድም፣ አባት ለልጅ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ እያስተማረ ዘራቸው ከዚያች መንደር የሚመዘዝ ተጫዋቾች ዓለምን ለአሥርት ዓመታት ያዙት። ጃሐንጊር ካን ከ1981 እስከ 1986 አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አልተሸነፈም። ይህን ሁሉ ያደረገው ስታዲየም አይደለም። ጣሪያ የሌለው ግድግዳና አብሮ የሚጫወት ዘመድ ነው።

ስታዲየም ካልኩ አይቀር፣ ወልዲያ አለን። በ2009 ዓ.ም. ጥር የተመረቀው የሼህ አላሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ሲመረቅ እንደማንኛውም የሰሜን ወሎ ልጅ ደረቴ አብጧል፣ አልክድም። ግን ቁጥሩን ልብ በሉ፤ 25 ሺህ የሚለው የሚቀመጠውን ሰው ነው። የሚጫወተው ሃያ ሁለት ነው። ስፖርት ስንል ወንበር የምንቆጥር ሰዎች ሆነናል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ባለፈው ክረምት ለጉዳይ አዲስ አበባ መጣ። ቅዳሜ ሆነና «ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ ልጁ የሚጫወተውን እይ» አልኩት። መጣ። በሩ ላይ ደንቡ ተነገረው፤ ወላጅ አይቀመጥም። «እኔ? ኧረ ተወኝ፣ ሰው ይስቃል» አለ። ልጁ ምንም ሳይናገር ራኬቱን አቀበለው። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ማሽላ አምራች፣ አንድ ጊዜ ስቆ ካየሁት ዓመት የሆነው ወንድሜ ሸራ ጫማ ተውሶ ገባ።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ኳሶች ሳተ። ስምንተኛዋን እንደ ገና ዱላ አዙሮ መታት፤ ኳሷ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ጣሪያ ላይ አረፈች። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፦ ልጁ መናገር ጀመረ። «አይደለም አባዬ፣ ክንድህን ሰብሰብ። ከኋላዬ ና። ቆይ፣ መሀል ላይ ቁም፣ መሀሉን አትልቀቅ።» አርባ ደቂቃ ሙሉ ልጅ አስተማረ፣ አባት «እሺ» አለ። ስልክ ላይ የለመድኩት ንግግር ተገልብጦ ቁጭ አለ። ሲወጡ ሁለቱም በላብ ርሰው፣ የመጨረሻዋ ኳስ ሁለቴ ነጥራለች አልነጠረችም እያሉ ይከራከሩ ነበር። እስከ ቤት ድረስ። እስከ እራት ድረስ!

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ሮቢት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መጀመር አለበት እላለሁ። ተማሪና ወላጅ አብረው የሚመዘገቡበት፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሳምንት ሁለት ቀን።

«ሰው እንጀራና ሰላም ያጣበት አገር ስለ ስኳሽ ታወራለህ?» ባዩን እሰማዋለሁ። ትክክል ነህ ወዳጄ፤ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፣ ዳቦም አይጋግርም። ግን አንተም እኔም የምናውቀው ሌላ ነገር አለ። ከራያ ቆቦ ስንት ልጅ ነው በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ልግባ ብሎ የወጣው? ከእኔ ክፍል የወጡትን በጣቴ ቆጥሬ አልጨርስም። ብዙዎቹ ለአባታቸው ሳይናገሩ ነው የሄዱት። ምክንያቱ ድህነት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፣ ጦርነት ነው፤ ስኳሽ አንዱንም አይፈታም። ነገር ግን ከአባቱ ጋር በቀን ስድስት ቃል ብቻ የሚለዋወጥ ልጅ፣ ረጅም ንግግር የሚያወራው የመጀመሪያው ጎልማሳ ደላላው ይሆናል። ከአባቱ ጋር ኳስ የተከራከረ ልጅ ላይሄድ ይችላል አልልም። ሊሄድ ሲያስብ ግን ቢያንስ የሚከራከረው ሰው አለው።

ሌላው ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ነሐሴ ሲመጣ ሶለል አለ፤ ልጃገረዶች አምረው ወጥተው አደባባዩን ለጥቂት ቀናት የራሳቸው ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ሜዳው የወንድ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ሃያ ሁለት ወንድ ከያዘው ሴት ልጅ የምትገባበት ቀዳዳ የለም። የግድግዳ ጨዋታ ግን ተራ ነው፤ እናትና ልጅ ሃያ ደቂቃ ይዘው ይወጣሉ። ግብፅን ተመልከቱ። ኑር ኤል ሸርቢኒ የምትባል የእስክንድርያ ልጅ በሃያ ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ወጪውን አስልቼዋለሁ፣ አትፍሩ። የስኳሽ ክፍል መሥራት አያስፈልግም፤ አንድ ግድግዳ ይበቃል። በኒውዮርክ የሕዝብ መናፈሻዎች የኮንክሪት ግድግዳ ብቻ አቁመው በእጃቸው የሚጫወቱ ስንት ናቸው! በስኳሽ ልክ ወርዱ 6.4 ሜትር፣ ከፍታው 4.57 ሜትር ይሁን። 20 በ40 ሳንቲሜትር በሆነው ብሎኬት ሲሰላ ወደ 370 ብሎኬት ነው። በዚያ ላይ መሠረት፣ ኮለን፣ ልስን፣ ከፊቱ ሊሾ። የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ የመስኮቱን ነገር ከእኔ ጠይቁ። ብቻውን የሚቆም ግድግዳ ንፋስ እንዳይጥለው ብረቱ ላይ መሰሰት የለም። ራኬት ውድ ከሆነ አናጢ ከጣውላ ይቆርጠዋል፣ ኳሱ ያረጀ የቴኒስ ኳስ ይሁን። ሰዓቱ ከ11 በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል። መንትዮቹ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ አዲስ አበባ ላይ አቅም ለሌላቸው ልጆች ቴኒስና ትምህርት አጣምረው ሲጀምሩ ቤተ መንግሥት አልጠበቁም።

የሚከብደው ብሎኬቱ አይደለም፤ አባቶችን ማስገባቱ ነው። «ሰው ይስቃል» የሚለውን እንዴት እንደምናልፈው እስካሁን አላገኘሁትም። አያቶቻችን በገና ቀን ትልቅ ትንሽ ሳይሉ፣ ጌታው ከሎሌው ጋር ዱላ ይዞ ሩር ሲያሳድድ ማንም አይቆጣም ነበር። በዓመት አንድ ቀን የተፈቀደውን በሳምንት ሁለት ቀን እንፍቀደው ነው የምለው።

ወንድሜ ሮቢት ከተመለሰ በኋላ ደውሎ ልጁን አላስጠራም፤ እኔኑ ጠየቀኝ። «አዲስ አበባ ብሎኬት ስንት ገባ?» ነገርኩት። «እኛ ጋ ይረክሳል» አለ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ የወላጅ መምህር ኅብረቱን አንድ ሁለት ሰው አናግሬያለሁ፣ አንዱ ስቆብኛል፣ አንዱ ግን ወርዱን ጠይቆኛል አለኝ። ማሽላው ይሰብሰብና እንነጋገራለን ብለው ተለያይተዋል። ከዚያ ልጁን አቅርብልኝ አለ። ያቺ ኳስ ሁለቴ ነጥራ ነበር ብሎ ነው የጀመረው።