ሰንስክሪን ቅንጦት ነው ያለው ማነው?

ከመካከላችን አንዷ በቀደም አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገብታ ሰንስክሪን ጠየቀች። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ብቻውን ነው ወይስ ከሚያቀላው ጋር ላድርግልሽ?» አላት። አጠገቧ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጁ አልቢኒዝም ያለበት ነው። ባርኔጣው ዓይኑ ድረስ ወርዷል፤ ከንፈሩና የጆሮው ጫፍ ቆስሏል። እናትየዋ ዋጋ ጠየቁ፣ ተነገራቸው። ቱቦውን አገላብጠው አዩትና «ይሁን፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው መለሱለት። ልጁ ምንም አላለም። የለመደው ይመስላል።

ጓደኛችን የራሷን ገዝታ ወጣች። ማታ ተሰብስበን ስታወራን ግን ሁላችንም አፈርን። ይቺ ጽሑፍ የዚያ እፍረት ልጅ ናት።

ነገሩን ያለ ዙሪያ ጥምጥም እንናገረው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን መድኃኒት ነው። እኛ ግን የውበት ዕቃ አደረግነው፤ እንደ ውበት ዕቃ እንሸጠዋለን፣ እንገዛዋለን፣ እንቀባዋለን። በዚህ ምክንያት የሚያስፈልገው ሰው አያገኘውም፤ ያገኘነውም በቅጡ አንጠቀምበትም።

እስኪ ከቆዳ እንጀምር። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳን ያቃጥላል፣ ሲውል ሲያድር ደግሞ ካንሰር ያመጣል። ጠይም ቆዳ ያለን ሰዎች ሜላኒን የሚባለው ቀለም በተፈጥሮ ከዚህ ጨረር በከፊል ይከልለናል። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ግን ይህ ቀለም ጨርሶ ሳይኖረው ወይም እጅግ አንሶት ይወለዳል። በአፍሪካ ብዙዎቹን ያለ ዕድሜያቸው የሚቀጥፋቸው የቆዳ ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ዛሬ እኮ ብርድ ነው» የምንለው ነገር አያዋጣም፤ ጨረሩ ከሙቀቱ ጋር አይቀዘቅዝም።

ታዲያ ይህ ቅባት የት ነው የተመደበው? አገራችንን ጨምሮ ዓለም ሸቀጥ በሚለይበት የጉምሩክ መለያ፣ ሰንስክሪን በቁጥር 33.04 ሥር ከሊፒስቲክ፣ ከዓይን ኩልና ከጥፍር ቀለም ጋር ታስሮ ተቀምጧል። መድኃኒት ሌላ ምዕራፍ አለው። የልጁ ቆዳ መዳኛና የሠርግ ሜካፕ በአንድ መሳቢያ ማለት ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ብሎ የፀሐይ መከላከያ ቅባትን አካቷል። እዚህ ግን ዛሬም «የፈረንጅ ነገር» ነው።

«ድሃ አገር ነን፣ ስንት ችግር እያለ!» የምትሉን አላችሁ። እሺ፣ ጎረቤቶቻችንን እንይ። ታንዛኒያ ውስጥ፣ በኪሊማንጃሮ ሥር ባለችው ሞሺ ከተማ፣ ከአካባቢው የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ጋር ተያይዞ «ኪሊሰን» የሚባል ቅባት እዚያው እየተመረተ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች በነፃ ሲታደል ቆይቷል። ኬንያም መንግሥት በበጀቱ ገዝቶ ማደል ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ታንዛኒያና ኬንያ ስዊድን አይደሉም። እኛስ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የለንም? እንደ አለርት ያለ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል የለንም?

«ባርኔጣ ያድርጉ፣ ጥላ ይያዙ» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ጥላ ከቅባቱ ይቀድማሉ። ነገር ግን ባርኔጣ ከአፈርና ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ጨረር አያስቀርም፤ ፊትና እጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተሸፍነው አይውሉም። ክፍል ውስጥ ባርኔጣ አውልቅ የሚል መምህር ባለበት አገር «ባርኔጣ ይበቃል» ማለት ቀልድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ በሰው ብቻ መፍረድ አይሆንም። ከመካከላችን ሰንስክሪን የምንቀባው ሰዎች አብዛኞቻችን ጠዋት የሽንብራ ፍሬ የምታክል ጠብታ ፊታችን ላይ አሽተን እስከ ማታ እንረሳዋለን። ኤስ ፒ ኤፍ 30 የሚለው ጽሑፍ ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን ያስቀራል ማለት ነው፤ ግን የሚለካው ወፈር ተደርጎ ሲቀባ ነው። ለፊትና ለአንገት መጠኑ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ሙሉ የተጨመቀ ነው። ከመውጣት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይቀባል፣ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ጆሮና የአንገት ኋላ አይረሳም። በዚህ ስሌት በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቢቀባ እንኳ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ከሳምንት ብዙም አይዘልም። ያቺ እናት በወር ስንት ቱቦ እንደሚያስፈልጋቸው እናንተው አስሉት።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን «የሚያቀላው» ነው። ቀይ ለመምሰል ሃይድሮኪኖን ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንቀባለን። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ሃይድሮኪኖኑ ሜላኒንን ያጠፋል። ከዚያ ቆዳችን ፀሐይ ሲፈራ ሰንስክሪን ፍለጋ እንሮጣለን። ያ ልጅ ሳይሰጠው የተወለደውን ነገር እኛ ገንዘብ ከፍለን እናስፋቀዋለን! ሻጩ ሁለቱን በአንድ ፌስታል ሊሸጥልን ቢሞክር ምን ይገርማል? ያስለመድነው እኛ ነን።

ማድያት ያለባችሁ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁ፣ ተቀቡ፤ አንቃወምም። የምንለው ሌላ ነው። መንግሥት ሰንስክሪንን ከሊፒስቲክ ጎን አውጥቶ አልቢኒዝም ላለባቸው እንደ መድኃኒት ያቅርብ፣ ያለ ቀረጥ ያስገባ፣ እዚሁም ያስመርት። ትምህርት ቤቶች ባርኔጣ ይፍቀዱ፣ ልጆቹን ከመስኮት አርቀው፣ ዓይናቸውም ስለሚደክም ወደ ፊት ያስቀምጡ። እኛም የማቅያውን ገንዘብ እንተወውና ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ የወር ቅባቱን እንቻልለት።

የዓለም የአልቢኒዝም ቀን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 13፣ በእኛ ሰኔ 6 ይከበራል። በዚያ ቀን ፎቶ ለጥፎ «ወገኖቻችን ናቸው» ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን ያቺ እናት ሱቁ ውስጥ ቱቦውን ሲመልሱ ምን እንዳደረግን እናውቃለን። ምንም!