የቅባቱን ጽሑፍ ማን ያንብብልን?

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የዕቃ ላይ ጽሑፍ ይመስላል። በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። እኛም ፊደሎቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ ሳንጠይቅ ስሙን ወርሰን ኖርንበት። የሰፈርን ስም ሳይገባን ብንጠራው የሚደርስብን ጉዳት የለም። ፊታችንን የምንቀባውን ነገር ሳናነብ ብንቀባው ግን ይጎዳናል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ቤቶች ሊፈርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፥ አንዲት የክፍል ጓደኛችን እዚያው ከነበረ አንድ ሱቅ ማዲያት ያጠፋል፥ ፊትም ያቀላል የተባለ ቅባት ገዛች። ባለሱቁም «እኅቴ፥ በሳምንቱ መጥተሽ ታመሰግኚኛለሽ» አላት። እውነትም በሳምንቱ ፊቷ ጠራ፤ እኛም አደነቅን። በሦስተኛው ወር ግን ቅባቱን ባቋረጠች ቁጥር ፊቷ ደም ይመስል፥ ያቃጥላት፥ ብጉርም ያወጣባት ጀመር። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ መጀመሪያ የተጠየቀችው ቱቦውን ነበር። በጀርባው በደቃቅ ፊደል «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» ይላል። ይህ መዋቢያ አይደለም። በቆዳ ላይ ከሚቀቡት የስቴሮይድ መድኃኒቶች እጅግ ብርቱ ከሚባሉት የሚመደብ፥ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል።

ጓደኛችን ትምህርቷን በእንግሊዝኛ ትማራለች፥ ፈተናዋንም በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። የቱቦውን ጽሑፍ ግን አላነበበችውም። አጠገቧ የነበርነውም አላነበብንላትም።

ንባቡ የሚከብደውን ያህል ከባድ አይደለም። በጀርባው የተዘረዘሩት ነገሮች የሚጻፉት በብዛታቸው ተራ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉት ብቻ መጨረሻ ላይ ያለ ተራ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የሚገኘው «አኳ» በላቲን ውሃ ማለት ነው። «ግሊሰሪን» እርጥበትን ወደ ቆዳ ይስባል፤ «ፔትሮላተም» ማለት ቫዝሊን ሲሆን እርጥበቱ እንዳያመልጥ ይከድናል። «ቡቲሮስፐርመም ፓርኪ» የሚለው ስም ያስፈራል፤ ነገር ግን በእኛው በጋምቤላ ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የሚወጣው የሺአ ቅቤ ነው። «ፓርፈም» የሚለው ደግሞ ያምራል፤ ነገር ግን በአንድ ቃል ብዙ የሽቶ ቅመሞች ስለሚሸሸጉበት፥ ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሰው የሚያሠጋው ይኸው ነው። ስሙ ያስፈራ ሁሉ መርዝ፥ ስሙ የጣመ ሁሉ መድኃኒት አይደለም ማለት ነው።

ከሱቅ ሊገዙ የማይገባቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ከላይ ያልነው ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው «ሃይድሮኪኖን» ነው። ሐኪም ለማዲያት በልክ ያዝዘው ይሆናል፤ ያለ ሐኪም ለብዙ ጊዜ የቀቡት እንደ ሆነ ግን ሊያቀላው የታሰበውን ቆዳ መልሶ ያጠቁረዋል። ደቡብ አፍሪካ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያ ቅባቶች አገደችው። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ «ካሎሜል» ተብሎም ይጻፋል፥ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይጻፍም። በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

በፊት ለፊቱ በትልቁ የሚጻፈውስ? «ሃይፖአለርጀኒክ» ለሚለው ቃል በአሜሪካ እንኳ ሕግ የወሰነለት ትርጉም የለም። «በቆዳ ሐኪም የተመረመረ» ሲልም በስንት ሰው ላይ እንደ ተመረመረ፥ ምን እንደ ተገኘም አይናገርም። «ኤስ.ፒ.ኤፍ.» ግን ቁም ነገር አለው። 30 የሚለው በሚገባ ሲቀቡት ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ከመቶ 97ቱን ያህል፥ 50 የሚለው 98ቱን ያህል ይከለክላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማችን ፀሐዩ ብርቱ ስለ ሆነ ይህን ማወቅ ይበጃል፤ ለአንዲቱ ነጥብ እጥፍ ዋጋ መክፈል ግን አያስፈልግም።

ቀኑም የፈረንጅ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. «2025» የሚል ብልቃጥ ያነሣ ሰው ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ የቀረው ግን አራት ወር አይሞላም።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የሴቶች ወሬ ነው፤ ተማሪ ስለ ትልቅ ነገር ይጻፍ» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ጠይምነት በዘፈን እየተወደሰ በሱቅ እንደ በሽታ ሲታከም ማየት ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ቅባቱን የምትገዛው እኅታችን ናት፤ «ቀላ ብትዪ ያምርብሻል» የምንላት ግን እኛው ነን።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችን ጭምር የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ነገር ግን ተቆጣጣሪ በቂርቆስ ሱቆች ደጃፍ ሁሉ ቆሞ ሊውል አይችልም። እኅቶቻችንና እናቶቻችን ግን በየቀኑ ይገዛሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ይህን አሳስባለሁ። የአራት ኪሎ የኬሚስትሪ ተማሪዎችና የጥቁር አንበሳ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ተሰብስበው፥ ሠላሳ ያህል ቃላትን በአማርኛ የሚፈታ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። መምህሮቻችን ያርሙልን። በመኝታ ቤቶቻችን ይለጠፍ፤ ካዛንቺስና መስቀል ፍላወር ድረስም ወስደን ለባለሱቆች በአክብሮት እንስጥ። ባለሱቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሸጠውን አያውቀውምና።

ያላወቁ አለቁ ይባላል። ማንበብ እየቻልን ዝም ያልነውስ ምን እንባል? በመጪው ስብሰባ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንዳንድ ብልቃጥ ይዘን እንምጣና ጀርባውን አብረን እናንብብ።