«ለእግዚአብሔር ስጭው» ማለት ኃጢአት የሚሆነው መቼ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየአጥቢያችን የሚሰማ አንድ ምክር አለ፤ «ክርስቲያን ጠበቃ አያቆምም፤ ለእግዚአብሔር ስጭው» የሚል። መንፈሳዊ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ብዙ ጊዜ ግፍ ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የምትኖር አንዲት መበለት ባሏ በሞተ በአርባኛው ቀን ዘመዶቹ «የስምምነት ወረቀት ነው» ብለው አቀረቡላት፤ ማንበብ አትችልምና አውራ ጣቷን አኖረች። በዚያ ወረቀት ተከስሳ በወረዳ ፍርድ ቤት ስትረታ ጠበቃ ላቁም ወይ ብላ ጠየቀች። «ታገሺ» አልናት፤ ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ነቅታ ይግባኝ ልትል ስትነሣ የ60 ቀኑ ጊዜ አልፎ ነበር። «ታገሺ ተብዬ ነው» የሚለው ምክንያትም አላዋጣትም።

መካሪዎች በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን የሐዋርያውን ወቀሳ ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ ወንድሙን የሚቀማውንም ገሥጿል። እኛ ግን ቀማኛውን ትተን ተግሣጹን ለተቀማችው እናነባለን። ሐዋርያው ራሱ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ የሮም ዜግነቱን ጠቅሷል፤ በቂሳርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 22፤ 25)።

ሶስናንም አስቡ። ሁለት ሽማግሎች በሐሰት መሰከሩባት፤ እርሷም ጸለየች። የጸሎቷ መልስ ዳንኤል ነበር፤ ምስክሮቹን ለይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸውና ሐሰታቸውን ገለጠ። ስለዚህ ጠበቃ ማቆም የእምነት ማነስ አይደለም።

ታዲያ በነገር ሁሉ ፍርድ ቤት እንሩጥ ማለቴ አይደለም። ስድብ፣ የጎረቤት ቅያሜና ጥቂት ብድር በሽማግሌና በነፍስ አባት ፊት ይለቁ። በሦስት ጊዜያት ግን ሕግ አዋቂን መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፣ በወንጀል ስትጠረጠሩ፣ ለፖሊስ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት። ሁለተኛ፣ ርስትን፣ ውርስን ወይም ፍቺን በሚነካ ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል፤ ይህ ካልተፈጸመ የአባት ቃል ይፈርሳል። ሦስተኛ፣ መጥሪያ ወይም ፍርድ በደረሳችሁ ቀን። ሕግ ቀን ይቆጥራል፤ ውርሱን ሌላ ሰው እንደያዘበት ያወቀ ወራሽ እንኳ ያለው ጊዜ 3 ዓመት ብቻ ነው።

«ድኻ በምን ይከፍላል?» የሚል ይኖራል። የዳኝነት መክፈል የማይችል በደኻ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። ተከሳሽ አቅም ቢያጣና ፍትሕ ሊጓደል ቢችል መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይደነግጋል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ለድኾች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

በሐሰት ምስክር የሚረታ ጠበቃ ግን የዳንኤል ሳይሆን የእነዚያ ሽማግሎች ወገን ነው፤ በእርሱ ያሸነፈ ነፍሱን ይረታል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ነገ አንዲት መበለት ወረቀት ይዛ ብትመጣ «ጸልዪ» ብለን ብቻ አንሸኛት። አብረናት እንጸልይ፤ ወረቀቷን እናንብብላት፤ ቀኑን እንቁጠርላት፤ ሕግ አዋቂ ዘንድም እናድርሳት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።