ኳሷ ለምን ጭራ ታወጣለች?

በዚህ አምድ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም መጫወቻ ሞኒተር ነው። «ነርስንና ሞኒተርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጤና ጋ ይደርሳል።

ቤታችን ቡልጋሪያ ነው። ሳሎናችን ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን 4 አለ፤ እሱ ባለበት ደግሞ የግቢው ልጅ ሁሉ አለ። 15 ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ አሜሪካ ያለው አጎቱ ሲመጣ ሞኒተር እንዲያመጣለት ጠይቋል። አጎቱ፣ ማለትም ልጄ፣ «እማዬ ሳታየው አልገዛም» ስላለው ዝርዝሩ እኔ ዘንድ መጣ። «እማማ፣ ሞሽን ብለር ሪዳክሽን ከሌለው ዋጋ የለውም» አለኝ። በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚፈጠርን ብዥታ የሚቀንስ ማለት ነው። ዋጋው ከተራው ሞኒተር ከፍ ያለ ነው፤ የአጎቱም ደመወዝ ከሰማይ አይወርድም።

ሌላም ጉዳይ ነበር። ቤተሰቦቿ ከካዛንችስ ተነሥተው ራቅ ያለ ሰፈር ስለገቡ፣ የእህቴ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤቷን እንዳትለቅ የሥራ ቀናቱን እኛ ዘንድ ታድራለች። 11 ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች። ኳስ ጨዋታ ላይ ደግሞ ወንዶቹን ታስለቅሳቸዋለች። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ የሚገባው ስክሪን የሁለቱም ነው።

በመጀመሪያ ብዥታው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ስክሪኑ ስለሚዘገይ ብቻ ይመስለዋል። ይህም አለበት፤ በዛሬዎቹ ፈጣን ሞኒተሮች ላይ ግን ትልቁ ምክንያት የራሳችን ዓይን ነው። የተለመደው ሞኒተር በሰከንድ 60 ጊዜ ሥዕል ይቀይራል፤ 60 ሄርዝ የሚባለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ 16.7 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ ሺህ ክፋይ 16.7ቱን ያህል፣ ባለበት ቆሞ ይበራል። ዓይናችን ግን አይቆምም፤ ኳሷን ተከትሎ ይንሸራተታል። ቆማ የምትበራ ኳስና የሚንቀሳቀስ ዓይን ሲገናኙ የኳሷ ምስል ዓይናችን ውስጥ ይለጠጣል። ጭራ ያወጣች የምትመስለው ለዚህ ነው።

ቁጥር ለሚወዱ፦ ስክሪኑ ከግራ ወደ ቀኝ 1920 ነጥቦች አሉት እንበል። ኳሷ ይህን በ2 ሰከንድ ብታቋርጥ በሰከንድ 960 ነጥብ ትሄዳለች። በ60 ሄርዝ ጭራዋ 16 ነጥብ ያህል ይረዝማል፤ በ120 ሄርዝ ወደ 8፣ በ240 ሄርዝ ወደ 4 ያጥራል። ሄርዙ በእጥፍ ሲጨምር ጭራው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው።

ብዥታ ቀናሹ የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን መብራት ሥዕሉ ሲቀያየር ያጠፋዋል፤ ሥዕሉ ከተስተካከለ በኋላ ለአጭር ጊዜ ቦግ አድርጎ መልሶ ያጠፋዋል። መብራቱ 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ከበራ የዚያች ኳስ ጭራ ወደ 1 ነጥብ ይወርዳል፤ ኳሷ ጥርት ትላለች። ድርጅቶቹ ስሙን እየቀያየሩ ይጠሩታል፦ ኤንቪዲያ ዩኤልኤምቢ፣ አሱስ ኢኤልኤምቢ፣ ቤንኪው ዳያክ ይሉታል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ መብራትን ቦግ እልም ማድረግ።

ለእኛ ለአያቶች ነገሩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለብዙ ዘመን ያየንባቸው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች በባሕርያቸው እንዲህ ነበሩ። እያንዳንዱ ነጥብ ብልጭ ብሎ ወዲያው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ኳስ ጭራ አታወጣም ነበር። ስክሪኑ ግን ይርገበገብ ነበር፤ ጎን ለጎን ሆናችሁ ስታዩት የሚታወቃችሁ ያ መንቀጥቀጥ ማለቴ ነው። እንግዲህ ቴክኖሎጂው የተውነውን መርገብገብ በፈቃዱ መልሶ አመጣው ማለት ነው። ይህን ስነግረው የልጅ ልጄ ሳቀብኝ፤ ዋሸሽ ግን አላለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 ሄርዝ በላይ ሥዕል አይልክም። ባለ 240 ሄርዝ ሞኒተር ገዝቶ እሱ ላይ መሰካት ለቪትዝ የሲኖትራክ ጎማ እንደመግዛት ነው። ብዥታ ቀናሹም ቢሆን በብዙ ሞኒተሮች ላይ ከ60 ሄርዝ ከፍ ያለ ካልተላከለት አይሠራም፤ ምርጫው ሜኑው ላይ ደብዝዞ ይታያል፣ ሲጫኑት እሺ አይልም። በ60 የሚፈቅድ ካለ ደግሞ ያው የቱቦው ቴሌቪዥን መርገብገብ ይመጣል። ፕሌይስቴሽን 5 እና ጥሩ የጌም ኮምፒዩተር 120 መላክ ይችላሉ፤ ጨዋታው ራሱ 120 ሥዕል ካልሠራ ግን መብራቱ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ቦግ ያደርግበታል፣ ልጁም ሁለት ኳስ ያያል። መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚውል ስክሪኑ ይፈዛል። እንደኛ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ለሚገባበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ የሚባለው የሥዕል ማስማሚያም በአብዛኞቹ ሞኒተሮች ላይ ከብዥታ ቀናሹ ጋር አብሮ አይበራም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሁለቱም ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፈው ስታዩ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የምታገኙ እንዳይመስላችሁ።

ካርቶኑ ላይ «1 ኤምኤስ» የሚለው ቁጥርም ሁለት ዓይነት ነው። አጠገቡ ጂቲጂ ካለ አንድ ነጥብ ከአንዱ ግራጫ ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ኤምፒአርቲ ካለ ግን ነጥቡ ለዓይን በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ ነው የሚናገረው፤ በ144 ሄርዝ ሞኒተር ላይ 1 ኤምፒአርቲ የሚገኘው መብራቱን ቦግ እልም በማድረግ ነው። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። ቦሌም ሆነ መገናኛ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ለመለየት እርሳስ ይበቃል። ስክሪኑን ነጭ አድርጉት፣ እርሳሱን ከፊቱ ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። እንደ ጥላ ወጥ ሆኖ ከታየ መብራቱ አይርገበገብም። እንደ ማራገቢያ ብዙ እርሳስ ተነጣጥሎ ከታየ ይርገበገባል።

አሁን የኔው መስክ ጋ ደረስን። ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሁሉ አይጥልም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ ይላል፤ ከእነሱ ውስጥ በብልጭታ የሚቀሰቀስባቸው ከ100 ሰው 3 ያህሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ይበዛል፤ ጌም የሚጫወቱትም እነሱ ናቸው። አስጊው በሰከንድ ከ3 እስከ 60 ጊዜ ያህል የሚደርሰው ብልጭታ ነው፤ ከሁሉም የሚብሰው ከ15 እስከ 25 ያለው ነው። በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን የተባለው የልጆች ካርቱን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ሲያፈራርቅ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሐኪም ቤት ተወስደዋል። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ምንም ሕመም ያልታወቀባቸው ነበሩ።

በ120 ሄርዝ የሚርገበገብ መብራት ከዚያ አስጊ ክልል በላይ ነው፤ ለአብዛኛው ልጅ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ቢያመጣ እንጂ ከዚያ አያልፍም። በ60 የሚርገበገብ ግን ጠርዙ ላይ ነው፤ በሽታው ያለበት ልጅ ባለበት ቤት እኔ አላበራውም። ጨዋታው ውስጥ ያለው ፍንዳታና የጥይት ብልጭታ ደግሞ የትኛውም ሞኒተር ላይ ያው ነው። ይህን ብዙ ወላጅ አያስበውም።

በግምት መወሰን ስላልፈለግኩ የልጅቷን ሐኪም ጠየቅኩ። ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ምርመራ ሲደረግ ዓይን ፊት መብራት ብልጭ ድርግም እየተደረገ የአንጎል ምላሽ ይታያል፤ የእሷም እንደዚያ ተደርጎ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ለብርሃን ምላሽ እንዳልታየባት ነገረችን። ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ስክሪን አልነበረም። «ስንት ሰዓት ትተኛለች? መድኃኒቷን የሚሰጣት ማነው?» አለች። እንቅልፍ ማጣትና የተዘለለ ኪኒን በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋናዎቹ ናቸው። ጌም ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ባንድ ምሽት ሊሆኑ ይችላሉ፦ ጨዋታው ይሞቃል፣ ኪኒኑ ይረሳል፣ ሌሊቱ ይጋመሳል። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ማጫወቻው ይጠፋል፤ ኪኒኑ የሚዋጠው ከእራት ጋር ነው፣ የሚሰጠውም የልጅ ልጄ ራሱ ነው። እስካሁን አንድም ቀን አልረሳም። ሞኒተሩ ሳይመጣ ኃላፊነቱ መጣለት።

በነገራችን ላይ፣ ጠበል የሚሄዱ ቤተሰቦችን ተቃውሜ አላውቅም። መድኃኒቱ ግን ጠበሉም ላይ አብሮ ይሂድ፤ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣውን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ።

ለልጄ የላክነው ዝርዝር አጭር ነው። ስፋቱ 24 ኢንች፤ ከ32ቱ ያነሰው የተመረጠው ትንሽ ስክሪን ከራቅ ብሎ ሲታይ ብልጭታው የዓይንን መስክ ስለማይሞላ ነው። 144 ሄርዝ፣ ምክንያቱም ነገ ፕሌይስቴሽን 5 ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን አንከፍልም። ብዥታ ቀናሹ ቢኖረውም ባይኖረውም ግድ የለንም፣ ካለው ግን ከሜኑው የሚጠፋ ይሁን። የኤሌክትሪክ ማስገቢያው ላይ 100–240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጥ፤ 120 ብቻ የሚለው እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ጭስ ነው የሚሆነው። ልጁ መጀመሪያ ትንሽ አኮረፈ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ያ ምርጫ እንደማይሠራለት ሲገባው ግን የተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ጆይስቲክ ይግዛልን አለ። ተስማማን።

ቤታችሁ ልጆች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ከሆነ ይህን ደግሞ አስተምሯቸው። የክፍሉ መብራት ይብራ፣ ከስክሪኑ 2 ሜትር ያህል ይራቁ። ብልጭታ ሲበዛ አንድ ልጅ ከፈዘዘ ወይም እጁ ብርግግ ብርግግ ካለ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊቱን ያዙር፤ ሁለቱንም መጨፈን ብቻ በሽፋሽፍቱ አልፎ የሚገባውን ብርሃን አያስቀረውም። ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ይቅር፤ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ይቅር፣ ጥርስ ይሰብራል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ፣ ጫማ እንኳ ሳትቀይሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።